የጨው ምጣድ ሲሟሽ

እናቴ ቤት፣ ጓዳው ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ አንድ አሞሌ ጨው አለ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። አያቴ ከሰቆጣ ጎንደር በበቅሎ ጨው ያመላልስ ነበር። የአፋር ሰዎች ከዳናኪል ምድር ቆርጠው፣ ጠርበው፣ በግመል ወደ ደጋው ያወጡታል። ከዚያ በቅሎና አህያ ይረከበዋል። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በድሮ ጊዜ እዚህ ጎንደር ሲደርስ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ አሞሌ የሚገዛ ሰው ለከብቱ ነው የሚገዛው። አያቴ ግን ያንን አንዱን አልሸጠውም፤ ለላምም አላስላሰውም። ልጅ ሆኜ ተደብቄ እልሰው ስለነበር አንዱ ጥጉ ተሸርሽሯል። እናቴ እያወቀች ዝም ትለኝ ነበር።

ስለ ጨው የማውቀው ይህንኑ ነበር። ከመሬት የሚቆረጥ፣ በጀርባ የሚጫን ድንጋይ። በባሕር ዳርቻ ጨው እንደ እህል እንደሚታረስ፣ እርሻውም የወፍ አገር እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ሐምሌ ነው።

ሥራዬ የድሮ ግንብ መጠገን ነው። ኖራ አቦካለሁ፣ የተቦረቦረ መገጣጠሚያ እሞላለሁ፣ በጣሊያን ጊዜ የተለሰነ ሲሚንቶ ድንጋዩን ሳልጎዳ እፈለፍላለሁ። በዚሁ ሙያ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሰሜን ጣሊያን፣ ትሪየስቴ አካባቢ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አስተማሪያችን «ዛሬ ድንጋይ ይብቃን፤ ጭቃ ላሳያችሁ» ብሎ ድንበር አሻግሮ ስሎቬኒያ ወሰደን። ቦታው ሴቾቭልዬ ይባላል። አድሪያቲክ ባሕር ዳር ነው፣ ከክሮኤሽያ ድንበር አጠገብ፣ ድራጎኛ የምትባል ወንዝ ባሕር የምትገባበት።

ከመንገዱ ላይ ሲያዩት ደምቢያን ይመስላል። ሜዳ ነው፤ በጭቃ ግድብ የተሸነሸነ ሜዳ። ብቻ በየማሳው ያለው እህል ሳይሆን ውኃ ነው። አንዱ ማሳ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሮዝ።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። የባሕር ውኃ ሲገባ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዞ ነው። ከገንዳ ወደ ገንዳ በትናንሽ የእንጨት በሮች ያሳልፉታል። ፀሐይና ነፋስ እያተነኑት በየገንዳው እየከበደ ይሄዳል። በመጨረሻው ገንዳ፣ በሊትር ወደ 300 ግራም ሲጠጋ፣ ጨው መሬት መያዝ ይጀምራል።

ወፎቹ የሚወዱት ይህንኑ ደረጃ በደረጃ መክበዱን ነው። ቀለል ባለው ውኃ ውስጥ ዓሣ አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ። ዓሣ መኖር የማይችልበት ላይ ሲደርስ አርቴሚያ የምትባል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ሽሪምፕ ያለ ጠላት ትራባለች። ከዚያም በከበደው ውስጥ ዱናሊየላ የሚባል አልጌ አለ። ውኃውን ሮዝ የሚያደርጉት እሱና ጨው የሚወዱ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። ፍላሚንጎም የሚቀላው በምግቡ በኩል ይህን የመሰለ ቀለም ሰውነቱ ገብቶ ነው። አጭር መንቁር ያለው ጭቃው ጠርዝ ላይ ይለቅማል፤ ረጅም እግር ያለው መሐል ገብቶ ይቆማል። በዚያ ሜዳ ላይ ከ270 በላይ የወፍ ዓይነት ታይቷል።

መጀመሪያ የገባነው ሌራ ወደሚባለው ክፍል ነው። እዚያ አሁንም በእጅ ጨው ይመረታል። ስልሳውን ያለፈ የሚመስል ጨው አራሽ ተቀበለን። ጨው የሚቀመጥበትን የመጨረሻ ገንዳ ሲያሳየን፣ ነጩን ነገር ቀረብ ብዬ ልይ ብዬ አንድ እግሬን አነሣሁ። ሰውዬው እጅጌዬን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። «ፔቶላ! ፔቶላ!» አለ። አልተቆጣም። የደነገጠ ነው የሚመስለው፤ ሕፃን ሊረገጥ ሲል እንዳየ ሰው።

ፔቶላ ምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ ቶሎ የመጣልኝ ምጣድ ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ቢጋገርበት ይይዛል፣ ይቆራረጣል። ስለዚህ በጎመን ዘር እያሹ፣ እያሟሹ ፊቱን ያለሰልሱታል። የጨው ገንዳም እንዲሁ ይሟሻል። ከጭቃው በላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ንጣፍ አለ። በዓይን የማይታዩ ሳያኖባክቴሪያዎች ከጂፕሰምና ከደቃቅ አፈር ጋር ተሸምነው የሠሩት ነው። ጨው በሱ ላይ ስለሚያርፍ ጥቁሩን ጭቃ አይነካም። ነጭ ሆኖ የሚነሣው ለዚህ ነው። በጫማ ከተረገጠ ይቀደዳል፣ ጨው ውስጥ ጭቃ ይገባል። በክረምታቸውም ራቁቱን አይተዉትም፤ ጨዋማ ውኃ አልብሰው ያከርሙታል። ጸደይ ሲመጣ ጠጋግነው፣ ደልድለው ለሥራ ያደርሱታል። ዘዴውን ከክሮኤሽያዋ የፓግ ደሴት ሰዎች የተማሩት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

ሰውዬው ከዳሱ ገብቶ ሁለት ዝርግ እንጨት ይዞልኝ ወጣ። ታፔሪኒ ይሉታል። ከእግር ሥር የሚታሰር የእንጨት ጫማ ነው፤ ክብደት እንዲያሰፋ፣ ፔቶላው እንዳይጎዳ። አጎንብሶ ራሱ አሰረልኝ። ከዚያ ጋቬሮ የሚሉትን ረጅም የእንጨት መግፊያ አስያዘኝ። ገፋሁ። ድምፁ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲሄዱ እንደሚሰማው ነው። ጨው ከፊቴ እየተጠቀለለ ሄደ። ሲገፋ እጅ መክበድ የለበትም። ከበድ ካለ ሥሩን ይልጣል። ኖራ በመለሰኛ ስለስን የማውቀው ዓይነት ልክ አለው፤ ክንድ እንጂ አፍ የማይናገረው ልክ።

በማግስቱ እሁድ ሰማዩ ጠቆረ። ሰውዬው ቀና ብሎ አይቶ አንድ ቃል ተናገረ፤ ሁሉም መሮጥ ጀመረ። ለሳምንታት ሲከብድ የቆየው ውኃ ዝናብ ከገባበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በሮቹን እየከፈቱ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ያስገቡታል። እኔም አንድ በር ስጡኝ ብዬ ተቀበልኩ። ሳንቃ ነው፤ ከሁለት መዳፍ የማይሰፋ፣ በውኃ ብዛት የለሰለሰ። ወደ ላይ ሳብኩት፣ ውኃው እንደ ዘይት ቀስ ብሎ ፈሰሰ። ዝናቡ የደረሰው ጉድጓዱ ከሞላ በኋላ ነው። ዳሱ ሥር ቆመን ስናይ፣ እጄ ላይ የደረቀው ውኃ ነጭ መስመር ሠርቶ ነበር። ላስኩት። የአያቴ አሞሌ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ፎንታኒጄ የሚባለውን ሌላውን ክፍል በእግር ዞርን። ይህኛው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተትቷል። በቦዮቹ ዳር የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽ ተሰልፏል። ድሮ ከፒራን ከተማ ቤተሰቡ በሙሉ ልጆቹን ይዞ እዚህ ይወርድ ነበር። የሚወርዱት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ የሚመለሱት በቅዱስ በርተሎሜዎስ ቀን። የእነሱ ጊዮርጊስ ሚያዝያ 16 ላይ ነው የሚውለው፤ ከእኛው አንድ ሳምንት ይቀድማል። በርተሎሜዎስን እኛ ዕንቁጣጣሽ ዕለት ነው የምናስበው፤ እነሱ ነሐሴ 18። እንዲህ በቅዱሳን ስም ሥራን መቁጠር ያሳደገን ልማድ ስለሆነ፣ ይህን ስሰማ ሰዎቹ ዘመዶቼ መሰሉኝ።

ቤቶቹ ብልሃት አላቸው። ምድር ቤቱ የጨው ጎተራ፣ ፎቁ መኖሪያ ነው። አንዱ በር ወደ ቦዩ፣ ሌላው ወደ ጨው ማሳው ይከፈታል። መስኮት በሁለቱም ወገን አለ፤ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ለማየት። አንዱ ቤት ግድግዳው እስከ ወገቤ ቀርቷል። ማዕዘኑን በእጄ ዳሰስኩት። ድንጋዩ ደህና ነው፣ ማያያዣ ኖራው ነው ያለቀው። ጨው በልቶታል። በልቤ ልኬት ጀመርኩ፤ ይህን ያህል ኖራ፣ ይህን ያህል አሸዋ፣ ሁለት ሰው፣ አሥር ቀን።

አብራን የምትሄደው የፓርኩ ጠባቂ ዓይኔን አይታ ገብቷታል መሰለኝ፣ «ጥቂቶቹን አንሥተናል» አለችኝ። እውነትም ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙዚየም የሆኑ የታደሱ ቤቶች አሉ። ቀሪዎቹን ለምን ተዋችኋቸው ስላት በጣቷ ወደ ግድቡ አመለከተች። ረጅም ቀይ እግር ያላት፣ ነጭና ጥቁር ወፍ ቆማለች። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ስወርድ የማያት ያቺው ዓይነት ወፍ። እንደ እሷ ያሉት እንቁላላቸውን በግድቡ ራስና በደረቁ ጭቃ ላይ፣ ከውኃው ትንሽ ከፍ አድርገው ያስቀምጣሉ። «ከቤቱ ይልቅ የምጨነቀው ለውኃው ነው» አለች። ውኃው አንድ ስንዝር ከፍ ካለ ጎጆው ይሰጥማል። አንድ ስንዝር ከወረደ ቀበሮ በደረቅ ይሻገራል። በ2010 እና በ2015 (እ.ኤ.አ.) መካከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግድቡንና የውኃ በሮቹን የጠገኑት ለዚህ ነበር። በፍርስራሹ መሐል ደግሞ ሁለት ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን፣ አፏ ሾጠጥ ያለ አይጥ መሳይ ትኖራለች። በክብደት ከአጥቢ እንስሳት ሁሉ ትንሿ እሷ ናት። አላየኋትም፤ ግን የፈረሰ ግንብ ሁሉ ባዶ ቤት እንዳልሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳም።

ያቺ ስንዝር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች። የጨው እርሻ ሲዘጋ ብዙ ሰው «እንግዲህ ለተፈጥሮ ይተው» ይላል። መተው ግን እንደ ቦታው ነው። የሞንቴኔግሮዋ ኡልቺኝ 1,500 ሄክታር ገደማ ትልቅ የጨው እርሻ ነበራት። ጨው ማምረት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ቆመ። የባሕሩን ውኃ የሚያስገባው ፓምፕ ነበር። ፓምፕ ካልሠራ የዝናብ ውኃ ይተኛበታል፣ ጨውነቱ ይሳሳል፣ ቀስ በቀስ ሌላ ሣር ይወርሰዋል። ለወፎቹ የተቆረቆሩ ሰዎች ብዙ ታግለው በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተፈጥሮ ፓርክ ተባለ። ስሙ ጥሩ ነው፤ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ግን ከስሙ ይቀድማል።

ፈረንሳዮቹ በደቡብ ዳርቻቸው፣ በካማርግ፣ ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ተቋማቸው በ2008 እና በ2012 (እ.ኤ.አ.) መካከል 6,500 ሄክታር ያህል የቀድሞ ጨው እርሻ ገዛ። የባሕሩን ግድብ መጠገን ትተው ባሕሩ እንዲገባ ፈቀዱ። ረግረጉ ተመለሰ፣ ዓሣው ተመለሰ። በእኔ አመለካከት ትክክል ሠርተዋል፤ ባሕር እየገፋ በሚመጣበት ዳርቻ ግድብ ሲያነሡና ሲጥሉ መኖር አያዋጣም። ሆኖም ፍላሚንጎዎቹ ለአሥርተ ዓመታት የተፈለፈሉበት፣ ሰው በ1970 (እ.ኤ.አ.) የሠራላቸው ደሴት በዚያ ነበር። ለጨው ሲባል ይገባ የነበረው ውኃ ሲቀር ትተውት ሄዱ። የሄዱት ወዴት መሰላችሁ? ጨው ገና ወደሚመረትበት ወደ ኤግ-ሞርት።

አሜሪካ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ ላይም ይኸው ጥያቄ አለ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) 6,100 ሄክታር ያህል የጨው ገንዳ ወደ ተፈጥሮ ለመመለስ ተገዛ። ጨው ሳይሠራበት በፊት ረግረግ ስለነበር ወደዚያ መመለስ ፈለጉ። ወፎቹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ገንዳውን ለምደውታል። ስለዚህ ከግማሽ እስከ 90 በመቶውን ብቻ ወደ ረግረግ ሊመልሱ፣ የቀረውን በገንዳነት ሊጠብቁ አሰቡ። ቁጥሩን አስቀድመው ቁርጥ አላደረጉትም፤ በየደረጃው እየሠሩ ወፎቹን እያዩ ይወስናሉ። ይህን ትዕግሥት ወድጄላቸዋለሁ። እኛ ግንብ ስንጠግን አንድ ግድግዳ ሞክረን ክረምት እንዲያልፍበት እንደምንጠብቀው ነው።

ለእኔ ግን የሴቾቭልዬው ይበልጥብኛል። እዚያ ወፉም፣ ቤቱም፣ ጨው አራሹም አብረው ነው ያሉት። ጨው ይሸጣል፣ ጎብኚ ይከፍላል፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ደመወዝ ያገኛል። የሚያስተዳድረው ድርጅት የስልክ ኩባንያ ንብረት መሆኑን ስሰማ ገርሞኛል። ወጣት ጨው አራሾችም አየሁ። ሽማግሌው አጠገባቸው ቆሞ መግፊያውን ሲይዙ ክንዳቸውን ያስተካክላል። ቅርሱ ያ ክንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ድንጋዩን እኔም አነሣዋለሁ፤ ክንዱ ከጠፋ ግን ሥዕሉን አይቶ የሚመልሰው የለም።

ጎንደር ስመለስ ፋሲል መዋኛ ሄጄ ተቀመጥኩ። ክረምት ነው፣ ጥምቀት ገና ሩቅ ስለነበር ባዶ ነው። የዋርካው ሥሮች ግንቡን እንዳቀፉ ናቸው። ጎብኚ ሁሉ የሚያነሣው ፎቶ ነው፤ እኔ ግን ሥሩ የቱን ድንጋይ እንደያዘ፣ የቱን እንደገፋ በየዓመቱ እመለከታለሁ። ጥምቀት ሲቀርብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ ይለቀቅበታል። ቀናት ይፈጃል። አንድ ሰው ቦዩን ይጠርጋል፣ አንድ ሰው መዝጊያውን ያነሣል፣ አንድ ሰው ስንት ክንድ እንደሞላ ያያል። ከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ እነዚህን ሰዎች የሚያስታውስ የለም። መዋኛው ሳይረሳ እዚህ የደረሰው በእነሱ ነው። ስማቸውን ጠይቄ የማላውቅ መሆኔ ከነከነኝ። በዘንድሮው ታኅሣሥ ቦዩ ሲጠረግ አብሬ ልወርድ ቃል ገብቻለሁ።

በእኛ ቀጣና በባሕር ዳርቻ የተተወ የጨው እርሻ የለም ብላችሁ እንዳታስቡ። ሶማሊያ ራስ ሃፉን ላይ ጣሊያኖች ያቆሙት ትልቅ የጨው ማምረቻ ነበር። በ1941 (እ.ኤ.አ.) በጦርነቱ ወቅት እንግሊዞች መቱት፤ ፍርስራሹ ዛሬም ቆሟል። አንድ ቀን አንዱ ያንን ዳርቻ በወፍ ዓይንም በግንበኛ ዓይንም እንዲያየው እመኛለሁ።

ከሴቾቭልዬ የመጣሁት ግማሽ ኪሎ ጨው ይዤ ነው። ግማሹን ለእናቴ ሰጠሁ፤ ከአሞሌው ጎን አስቀመጠችው። የቀረውን ቀሃ ኢየሱስ ለሚኖሩት ጎረቤታችን ወሰድኩ። ጋሼ በወጣትነታቸው ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበሩ። ያኔ እዚህ የምንበላው ጨው ከምፅዋና ከአሰብ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ የአፋሩ አፍዴራ ነው የያዘን። የምፅዋን ጨው ክምር እያነሡ አይጠግቡም። «ከመርከቡ ላይ ስታይው ራስ ዳሽን በረዶ የወረደበት ይመስልሻል» ይሉኛል። «ደግሞ ማለዳ ማለዳ ወፉ! ገንዳው ላይ ቀይ ነጠላ የተሰጣ ነው የሚመስለው።»

በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ፈታሁላቸው። አንድ ቅንጣት አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት። ከዚያ ምላሳቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ።

«ሐምሌ ላይ ነው የተነሣው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ዝናብ አልያዛችሁም?»

«ያዘን። እሁድ ዕለት።»

«ውኃውንስ?»

«ሳይደርስበት ጉድጓድ አስገባነው። አንዱን በር እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ። የተረፈውን ጨው በወረቀቱ መልሰው ጠቀለሉና ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።